የነካው የለም፤ ግን ወድቋል

ባለፈው መጋቢት ያለ ምንም ችግር ቢልድ የተደረገ፣ ደንበኛው ተረክቦት ስልኩ ላይ የጫነው አፕ አለ እንበል። ኮዱን ከዚያ ወዲህ የነካው የለም። በሰኔ ደንበኛው ይደውልና "የቢሯችን ስልክ ስለተቀየረ እሷን ብቻ አስተካክሉልን" ይላል። የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው። ፕሮጀክቱ ይከፈታል፤ ቁጥሩ ይቀየራል፤ ቢልድ ይታዘዛል። ከዚያ ቀይ ጽሑፍ እየተግተለተለ ይወርዳል፤ በዚያ ሁሉ ጽሑፍ ውስጥ ስለ ስልክ ቁጥሩ አንዲት ቃል የለችም።

አለቃ "ምን ነክታችሁ ነው?" ይላል። "ምንም" እንላለን። እውነታችንን ነው፤ ግን እውነት የማይመስል መልስ ነው። የሠራ ነገር በራሱ ጊዜ ይበላሻል ብሎ የሚያምን አለቃ የለም።

አንድ የአንድሮይድ አፕ ከኮድ ተነሥቶ ስልክ ላይ የሚደርሰው በብዙ እጅ አልፎ ነው። የምንጽፍበት አንድሮይድ ስቱዲዮ አለ። ሥራውን የሚያስተባብር ግሬድል አለ። ግሬድልን የአንድሮይድ ሥራ የሚያሳየው የአንድሮይድ ፕለጊን አለ። ግሬድል ራሱ የሚሮጥበት ጃቫ አለ፤ ኮዱን የሚተረጉም ኮትሊን አለ። ፍላተር የተባለውን የአፕ መሥሪያ ለሚጠቀም ስድስተኛ ይጨመርለታል። ሁሉም የየራሳቸው የቨርዥን ቁጥር አላቸው፤ ሁሉም በየራሳቸው ጊዜ ይታደሳሉ። እያንዳንዳቸው ከሌላው "ከዚህ በታች አልቀበልም" የሚሉት ቁጥር አላቸው፤ አንዳንዶቹ ደግሞ "ከዚህ በላይ አላውቅም" ይላሉ። ለብቻ ለብቻቸው ሲታዩ ጤነኞች ናቸው። ችግሩ የሚፈጠረው በመካከላቸው ነው፤ መካከሉ ደግሞ ባለቤት የለውም። የግሬድል ሰዎች ስለ ግሬድል፣ የኮትሊን ሰዎች ስለ ኮትሊን ይጠየቃሉ። ለመካከሉ የሚጠየቀው ያን ቀን ላፕቶፑ ፊት የተቀመጠው ሰው ነው።

ቁጥሮቹ የት እንደተጻፉ ማግኘት ራሱ አንድ ሥራ ነው። የግሬድሉ ራፐር በሚባለው ፎልደር ውስጥ፣ ዚፑ በሚወርድበት አድራሻ መሐል ተሰንቅሮ ይገኛል። የፕለጊኑና የኮትሊኑ በቆዩ ፕሮጀክቶች ዋናው የቢልድ ፋይል ውስጥ ነው፤ ቀጥለው በመጡት ሴቲንግስ ፋይል ውስጥ ገባ፤ አሁን ባሉት ደግሞ የቨርዥን ካታሎግ በተባለ ሌላ ፋይል ውስጥ ተቀምጧል። የጃቫው ግን ብዙውን ጊዜ ፕሮጀክቱ ውስጥ ጭራሽ የለም፤ ያለው በየሰዉ ላፕቶፕ ላይ ነው። እሱም አንድ አይደለም። ስቱዲዮው ይዞት የሚመጣ ጃቫ አለ፤ ሲስተሙ ላይ ጃቫ ሆም በሚል ስም የተመዘገበ ሌላ ጃቫ አለ። ስለዚህ የስቱዲዮው አረንጓዴ ቁልፍ ሲጫን ያለፈው ቢልድ ተርሚናል ላይ ሲታዘዝ ይወድቃል። አንድ ላፕቶፕ፣ አንድ ኮድ፣ ሁለት ፍርድ።

የአቆጣጠሩ ነገርማ አይነሣ። አንድሮይድ ስቱዲዮ እስከ 4.2 ድረስ በሥርዓት ሲቆጥር ቆይቶ ድንገት በእንስሳት ስም መጠራት ጀመረ። የመጀመሪያው አርክቲክ ፎክስ ነው፤ እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 ወጣ፤ ቁጥሩ 2020.3.1 ተባለ። የአሥራ ሦስት ወር አቆጣጠራችንን ለውጭ ሰው ስናስረዳ የኖርን እኛ እንኳ በዚህ ግራ ተጋባን። የአንድሮይድ ፕለጊኑ በበኩሉ ከ4.2 ተነሥቶ 5ንና 6ን ዘልሎ 7.0 ሆነ፤ ምክንያቱም ከግሬድል ቁጥር ጋር እንዲመሳሰል ተፈልጎ ነው። መመሳሰሉ ታዲያ እስከ ነጥቡ ብቻ ነው። ፕለጊን 8.3 ቢያንስ ግሬድል 8.4 ይፈልጋል። ፕለጊን 8.4 ግሬድል 8.6 ይፈልጋል። ፕለጊን 8.6 ግሬድል 8.7 ይፈልጋል። ጭራሽ ባይመሳሰሉ ይሻለን ነበር፤ ሰንጠረዥ ሳናይ ለመገመት አንዳፈርም ነበር።

ከሁሉ የሚያንገበግበው ግን ማሽኑ ችግሩን እያወቀው በቀጥታ አለመናገሩ ነው። "የማይደገፍ የክላስ ፋይል ዋና ቨርዥን 65" ይላል። ጃቫ 65 የሚባል ነገር በዓለም ላይ የለም። ምሥጢሩን የሚያውቅ ሰው ከቁጥሩ ላይ 44 ይቀንሳል፤ 21 ይመጣል፤ ጃቫ 21 ማለት ነው። 61 ካለ ጃቫ 17 ነው፤ 55 ካለ 11፤ 52 ካለ 8። ይህን ቅነሳ በትምህርት ቤት ያስተማረን የለም፤ በሌሊት ከሰው መልስ ለቅመን ነው የተማርነው። ግሬድል 8.0 የሚያውቀው እስከ ጃቫ 19 ድረስ ነው። "የሰጠኸኝ ጃቫ 21 ነው፤ እኔ ከ19 በላይ አላውቅም፤ ወይ እሱን ዝቅ አድርግ ወይ እኔን ከፍ አድርገኝ" ቢል ምን ይጎድልበታል? በሴኮንድ ስንት ሚሊዮን ስሌት የሚሠራ ማሽን አንዲት መቀነስ ለኛ ይተዋል። ስቱዲዮው አሁን አሁን ይህን በሰው ቋንቋ መናገር ጀምሯል፤ እሰየው ነው። ተርሚናል ላይ ላለው ሰው ግን ያው 65 ነው።

ሲፈልጉ ደግሞ መናገር ይችሉበታል። ኮምፖዝ የተባለው የገጽ መሥሪያ የራሱ ኮምፓይለር አለው፤ ሲጣላ "እኔ 1.4.3 ነኝ፤ የምፈልገው ኮትሊን 1.8.10ን ነው፤ አንተ የያዝከው ግን 1.9.0 ነው" የሚል መልእክት ያወጣ ነበር። ጠቡ አልቀረም፤ ግን ጠበኞቹ በስማቸው ተጠሩ፤ መፍትሔውም እዚያው ነበር። ኮትሊን 2.0 እ.ኤ.አ. በሜይ 2024 ሲወጣ ደግሞ የሁለቱ ቁጥር አንድ ሆኖ ጠቡም ቀረ። አንዱ ራስ ምታታችን የዚያን ቀን ለቀቀን። እንዲህ ማድረግ ይቻል ከነበረ ሌሎቹን ማን ከለከላቸው?

የሌዲበግን ነገር የሚረሳ የለም። ይህ የስቱዲዮ ቨርዥን እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2024 ሲወጣ አብሮት የሚመጣው ጃቫ ከ17 ወደ 21 ተሻገረ። ሰዎች ጥግ ላይ ብቅ ያለችውን "አዲስ ቨርዥን አለ" የምትል መልእክት ተጫኑ፤ ኤዲተሩን ያደሱ መስሏቸው ነው። በነጋታው ግሬድል 7 የያዙ ብዙ ፕሮጀክቶች በ65 ወደቁ፤ ጃቫ 21ን መጀመሪያ የሚያውቀው ግሬድል 8.5 ነውና። የፍላተር ሰዎችም አልተረፉም፤ ኮዱን በሌላ ኤዲተር ቢጽፉት እንኳ ፍላተር ጃቫውን የሚዋሰው ላፕቶፑ ላይ ካለው ስቱዲዮ ነው። የመጻፊያ መሣሪያን ማደስ ለምን ከዓመት በፊት ያለቀን አፕ ይጥላል? መልስ አለው፤ መልሱ ግን አያጽናናም።

"ታዲያ የሠራውን ነገር ለምን አትተዉትም?" የሚል ብልህ ዘመድ ከየቤቱ አይጠፋም። መተው ቢፈቀድልን ማን ጠልቶ! ጎግል ፕሌይ በየዓመቱ ወለሉን ከፍ ያደርጋል። እ.ኤ.አ. ከኦገስት 31 ቀን 2025 ጀምሮ አዲስ አፕ የሚያወጣም ሆነ የቆየውን የሚያድስ ሰው አንድሮይድ 15ን፣ በእነሱ አቆጣጠር ኤፒአይ 35ን ማነጣጠር አለበት። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ግዴታው 34 ነበር። እንግዲህ ተከተሉኝ። ለ35 ፕለጊን 8.6 ያስፈልጋል። ፕለጊን 8.6 ግሬድል 8.7 ካልሆነ አይነሣም። ከ8.0 ጀምሮ ያለው ፕለጊን ሁሉ ጃቫ 17 ካላገኘ አይሠራም። የስልክ ቁጥር ልንቀይር የተነሣን ሰዎች እዚህ ደርሰናል፤ ገና አላለቀም።

ፕለጊን 8 እያንዳንዱ ሞጁል ኔምስፔሱን በቢልድ ፋይሉ ውስጥ እንዲናገር ያስገድዳል። ያ ስም ድሮም ነበር፤ ማኒፌስት በሚባለው ፋይል ውስጥ ተጽፎ ይኖር ነበር። አሁንም እዚያው አለ። ቢልዱ ግን ስሙን ዓይኑ እያየ "ኔምስፔስ አልተገለጸም" ብሎ ይወድቃል። የራሳችን ሞጁል ቢሆን አንድ መስመር ጨምረን እንገላገላለን። የሚወድቀው ግን ባለቤቱ ትቶት የሄደ የሰው ላይብረሪ ነው፤ ፎቶ የሚያነሣ፣ ፒዲኤፍ የሚከፍት፣ ከዓመታት በፊት አንድ ደግ ሰው በነጻ ያጋራው። ምስጋና ብቻ እንጂ ወቀሳ አይገባውም። ያቺን መስመር ካሽ ውስጥ ገብተን በእጃችን እንጨምርለታለን፤ ይሠራል። ሌላ ሰው ፕሮጀክቱን በራሱ ላፕቶፕ ሲከፍተው ላይብረሪው እንደ ጥንቱ ሆኖ ይወርዳል፤ እንደገና ይወድቃል። ከሱ ስንተርፍ ደግሞ "ተደጋጋሚ ክላስ" ይመጣል። ኮትሊን 1.8 ላይ ሁለት ትናንሽ ላይብረሪዎች ከዋናው ጋር ስለተዋሃዱ፣ አንድ የቆየ ጥገኛ ትናንሾቹን ይዞ ሲመጣ ያው ነገር ሁለት ጊዜ ይገኛል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። አብረው ግን አይሆኑም።

መንገዱ ሲጠፋ ወደ ልማዳችን እንሄዳለን። መጀመሪያ ክሊን እናደርጋለን። ቀጥሎ ስቱዲዮውን ካሹን አስረስተን እንደገና እናስነሣዋለን። በመጨረሻ የግሬድልን ፎልደር እንዳለ እናጠፋዋለን። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው፤ ቁጥሮቹ አለመስማማታቸው ካሽ በማጥፋት አይለወጥም። አልፎ አልፎ ግን በሌላ ምክንያት ይሠራል፤ እሷ አልፎ አልፎ ናት ልማዱን ያቆየችልን። ዋጋው ደግሞ ቀላል አይደለም። የግሬድል ዚፕ ብቻውን ከ100 ሜጋባይት በላይ ነው፤ ከላዩ ላይብረሪዎቹ በጊጋባይት ይወርዳሉ። ሰፊ ኔት ባለበት አገር ይህ ቡና እስኪፈላ የሚያልቅ ነገር ነው። አዲስ አበባ ላይ በሞባይል ዳታ ለሚሠራ ልጅ ግን የወሩ ፓኬጅ ነው። መሐል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ ግማሹ የወረደ ፋይል ይቀርና በማግስቱ ሌላ ዓይነት ኤረር ይወልዳል፤ ያን ኤረር ስናነብ ከትናንቱ ጋር አንድ ይመስለንና ሌላ መድኃኒት እንፈልግለታለን። እንዲያም ሆኖ ምክር ሰጪው ሁሉ የሚጀምረው "ፎልደሩን አጥፋውና እንደገና አውርድ" ብሎ ነው። አጥፋው ማለት ለሱ ምንም አይደለም፤ የሚያወርደው እኛ ነን።

ምክሩስ ቢሆን! አንዱ "ለኔ ሠርቷል" ይላል፤ በየትኛው ቨርዥን እንደሠራለት አይናገርም። ሌላው የዛሬ ስድስት ዓመት የጻፈው መልስ አሁንም ከሁሉ በላይ ጎልቶ ይታያል፤ እዚያ ውስጥ የሚጠራው ጄሴንተር የተባለ የላይብረሪ ማከማቻ እንደሚዘጋ እ.ኤ.አ. በ2021 ተነግሯል። ሦስተኛው ጃቫን ወደ 8 መልሱ ይላል፤ አራተኛው ወደ 21 ውጡ። ሁሉም ለራሱ ቀን እውነቱን ነው፤ ቀኑን ግን የጻፈ የለም። አሁን ደግሞ የምንጠይቃቸው የሰው ሠራሽ አስተውሎት ረዳቶች አሉ። በትሕትና ይመልሳሉ፤ ከሦስት የተለያየ ዘመን የተለቀሙ ቁጥሮችን በአንድ ፋይል አስማምተው ይሰጡናል። ያ ፋይል ሲነበብ ያምራል፤ ሲታዘዝ ይወድቃል።

በሽታው የአንድሮይድ ብቻ ቢሆን ሙያ ቀይረን በተገላገልን። የዌብ ሰዎችን ጠይቁ። የጃቫስክሪፕት ማስኬጃው ኖድ 17 እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2021 ሲወጣ የምስጠራ ላይብረሪውን ኦፕን ኤስኤስኤል 3ን ይዞ መጣ፤ ዌብፓክ 4 የተባለው የፋይል መጠቅለያ የሚጠቀምበት አሮጌ የሃሽ ስልት በአዲሱ ስለማይፈቀድ ስንትና ስንት ፕሮጀክት "ዲጂታል ኤንቨሎፕ" በሚል ኤረር ተደፋ። ፖስታ የላከ የለም፤ ገጽ ነው ልንሠራ የነበረው። ፓይተን 3.12 እ.ኤ.አ. በ2023 ሲወጣ ዲስትዩቲልስ የተባለውን የቆየ ሞጁል አስወገደ፤ ኖድ አንዳንድ ላይብረሪዎችን ለመገጣጠም የሚጠቀምበት መሣሪያ የቆየ ቨርዥኑ ሞጁሉን ስለሚጠራ፣ አንዲት መስመር ፓይተን ጽፎ የማያውቅ የጃቫስክሪፕት ሰው በፓይተን ምክንያት ቀኑ ባከነ። የዳታ ሰዎችም የስሌት ላይብረሪው ነምፓይ 2.0 እ.ኤ.አ. በ2024 ሲወጣ በ1 የተገጣጠመ ሞጁል በ2 ላይ አይሄድም ተብለው የነሱን ድርሻ ቀምሰዋል።

ለእኛ ደግሞ በላዩ ላይ የፊደላችን ድርሻ አለ። ዊንዶውስ ላይ የፕሮጀክቱን ፎልደር በአማርኛ የሰየመ ሰው "አድራሻው ከአስኪ ውጭ የሆኑ ፊደላት አሉበት፤ ቢልዱ ሳይወድቅ አይቀርም፤ ወደ ሌላ ቦታ ውሰደው" ይባላል። ግልጽነቱን አደንቃለሁ፤ በራስ ፊደል ፎልደር መሰየም እንደ ጥፋት መቆጠሩን ግን አልወደውም። ጃቫም እስከ 17 ድረስ የፊደል አቀማመጡን የሚወስደው ከሲስተሙ ነበር፤ ዩቲኤፍ 8ን የራሱ መነሻ ያደረገው እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው 18 ነው። ስለዚህ ሊነክስ ላይ "እንኳን ደህና መጡ" ያለው ኮድ፣ በእንግሊዝኛ ዊንዶውስ ላይ በቆየ ጃቫ ያለ ተጨማሪ ትእዛዝ ሲገጣጠም የማይነበብ ምልክት ይሆናል። ደንበኛው "አማርኛችሁ ተበላሽቷል" ይላል። አማርኛው ምንም አልሆነም፤ የጃቫው ቁጥር ነው።

ወቀሳውን ሁሉ ባሕር ማዶ ላሉት ብቻ መስጠትም አይገባም። ፕሮጀክት ስንረካከብ የምናደርገውን እናውቃለን። "በእኔ ላፕቶፕ ይሠራል" ይባላል፤ ዚፑ በቴሌግራም ይላካል፤ ሰውየው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት ይሄዳል። በየትኛው ጃቫ እንደሠራው የጻፈበት ወረቀት የለም። የግሬድሉን ቁጥር የያዘው የራፐር ፋይል፣ የላይብረሪዎቹን ቁጥር የሚቆልፈው ፋይል፣ "አላስፈላጊ ነው" ተብለው ከዚፑ ወጥተዋል። ሁለቱም የተፈጠሩት ለዚሁ ቀን ነበር። ጃቫውንም ቢሆን በፕሮጀክቱ ውስጥ ቱልቼይን በሚባለው ቅንብር መጻፍ ይቻላል፤ ሁለት መስመር ነው። ከመቶ ፕሮጀክት ስንቱ ውስጥ ተጽፎ እንደምናገኘው እርስ በርሳችን እንተዋወቃለን።

ሲመሽ ደግሞ ሪፖርት አለ። "ዛሬ ምን ሠራችሁ?" ይባላል። የሠራነው ይሄ ነው፦ 8.2 የነበረው 8.7 ሆኗል፤ 1.8 የነበረው 1.9 ሆኗል፤ አንድ መስመር ተጨምሯል። በስክሪኑ ላይ የተለወጠ ቀለም የለም፤ የተጨመረ ቁልፍ የለም። አፕ የሚያሠራ ሰው የሚከፍለው ለሚያየው ነገር ነው፤ የዚያን ቀን ሥራ የሚያየው ደግሞ ያው ራሱ የሠራው ሰው ብቻ ነው። ዋጋ ስንሰጥ "ዲዛይን ይህን ያህል፣ ሰርቨር ይህን ያህል" እያልን እንዘረዝራለን፤ የአምስት መሣሪያ ቁጥሮችን ማስታረቅ የሚል መደብ ግን የለንም። ስለሌለን ከእንቅልፋችን፣ ከቅዳሜያችን፣ ከፓኬጃችን እንከፍለዋለን፤ ደንበኛውም የስልክ ቁጥር መቀየር ሦስት ቀን የሚፈጅባቸው ሰነፎች ናቸው እያለ ለጓደኛው ያወራል።

መሣሪያ ሠሪዎቹ መቼ እንደሚስማሙ አይታወቅም፤ እኛን ጠብቀው አይስማሙም። በእጃችን ያለው ውሉ ነው። ውሉ ላይ "አፑ በየዓመቱ ለመሣሪያ እድሳት ይህን ያህል ቀን ሥራ ይፈልጋል፤ ክፍያውም ይህን ያህል ነው" የሚል አንቀጽ ይግባ፤ ደንበኛውም ሳይፈርም በፊት ይጠይቅበት፣ ይከራከርበት። ከፈለገም ዋጋውን ይቀንስ። ቢያንስ የሰኔው ስልክ ሲደወል ሥራው ስም ይኖረዋል፤ ስም ያለው ሥራ ደግሞ ደረሰኝ ይቆረጥለታል።